ከገበያ እስከ ገበያ

አጎቴን ጋሼ ነበር የምላቸው። ቦንጋ በከፈቷት ክሊኒክ አብሬያቸው ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ካረፉ ሦስት ወራቸው ነው።

ጭንቀት የያዘው ሰው ሲመጣ ጋሼ ቶሎ እስክሪብቶ አያነሡም ነበር፤ መጀመሪያ ያዋሩታል። ማስታገሻ ክኒን የሚያዙት ጭንቀቱ እንቅልፍና ሥራ ከነሳው ነው፤ ያውም እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ብቻ።

“ጋሼ፣ ለወር ብንሰጣቸው ምልልሱ አይቀልላቸውም?” ብላቸው፣ “አየሽ፣ ክኒኑን ይለምዱና የሚያስጨንቃቸውን ሳይነግሩን ይቀራሉ” አሉኝ።

የተረፈ ክኒን ይዞ የሚመለስ ታካሚ ሲያገኙ ግን ለእሳቸው ሰርግ ነው። በራቸውን ከፍተው “ተረፈ!” ብለው ያበስሩኛል። እኔ እስቅባቸው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከዋጫ ከተማ የምትመጣ አንዲት ታካሚ ተመልሳ መጣች። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጭንቀት አላስተኛ አላሠራ ብሏት ነበር የመጣችው፤ ብዙ አውርተን የሳምንት ክኒን ሰጥቻት ነበር። አሁን ኮረሪማዋን ለገበያ ተሸክማለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ሦስት ክኒን መዳፌ ላይ አኖረች።

“እንቅልፌ ተመለሰ ዶክተር። እነዚህን አልፈለግኋቸውም።”

ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ክኒኖቹን ጨብጬ እየሮጥኩ የጋሼን በር ከፈትኩና “ተረፈ!” አልኩ።

ወንበራቸው ላይ፣ ካረፉ ወዲህ ያስቀመጥነው የታካሚዎች ካርድ ካርቶን ተቀምጧል።

ሴትየዋ ተከትላኝ መጥታ ኖሮ፣ “ማንን ነው የምትፈልጊው ዶክተር?” አለችኝ።

“ከእኔ በላይ የሚደሰትልሽን ሰው” አልኳት።