ጭስ የጠገበው ቤዝ ጊታር

እኛ ቤት ከገቡት ዕቃዎች ሁሉ እንደዚያ ጊታር ሰው ያስደነገጠ የለም። ከደሴ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ መካነ ሰላም መናኸሪያ ሲወርድ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ነበር። ያወረደው ተሸካሚ ቆቡን አነሳና «አባባ፣ ነፍስ ይማር» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ልበል? አስከሬን አይደለም ብዬ ብነግረው ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔም በቅጡ አላውቀውም ነበር።

የጊታሩ ባለቤት የመጨረሻዋ ልጄ ናት። ደሴ ተምራ ስትመለስ ወረቀት ይዛ ትመጣለች ስንል ቤዝ መምታት ተምራ መጣች። ወረቀቱንም ይዛለች፣ አልዋሽም፤ አሁን ከተማው ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ቤዝ ማለት አራት ክር ብቻ ያለው፣ ትከሻ ላይ ሲያርፍ እንደ ቀንበር የሚከብድ ጊታር ነው። ዜማውን ሌሎቹ ይጫወታሉ፤ እሱ ከሥር ሆኖ ያጉረመርማል። ይህን ስታስረዳኝ «ለማጉረምረም እናትሽ አለችልሽ፤ ለምን በከንቱ ደከምሽ?» አልኳት። እናቷ ሰምታለች። የዚያን ቀን ምሳዬን ቀዝቃዛውን በላሁ።

ነገሩ ግን ለልጅቱ ቀልድ አልነበረም። ደሴ ውስጥ በየሰርጉ የሚጫወት አንድ ባንድ አለ፤ ቤዝ የሚመታው ሰው ለቆባቸዋል። የራስሽን ጊታር ይዘሽ ነይ፣ የሰርጉ ወር ጥር ሳይገባ እንስማሽ፣ ከወደድንሽ ቦታው ያንቺ ነው ብለው እሁድ ቀጠሯት። ሌላም የሚሰሙት ሰው አላቸው። ለዚህ ጊታር ስትል በተጣፈ ጫማ ክረምቱን አሳልፋለች፤ ሌላ ጊታር የላትም፣ ከዚያች እሁድ በኋላም ሌላ እሁድ የላትም።

ጊታሩ እንደመጣ ብርድ ልብሱን ፈትታ ክሮቹን እያጠበቀችና እያላላች ድምፃቸውን አስተካከለች። ከዚያ እንጨቱን እየዳበሰች «አባዬ፣ የእኛ አገር ብርድ አንገቱን ያጣምመዋል፤ ከመስኮቱ እናርቀው» አለችኝ። ይህን ስትናገር አጠገባችን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ተቀምጦ ነበር። ገበሬ ነው። ያን ሰሞን ጉልበቱን ሊታከም ከገጠር መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። አገር ቤት ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ ለጎረቤት የሚያድል እሱ ነው፤ ስለ እንጨት አንድ ነገር ቢነሣ ዛፉን ራሱን እንኳ ብትጠይቀው ቀድሞ የሚመልስልህ እሱ ነው።

ወግዲ ያገባችው ትልቋ ልጄ በዚያው ሰሞን ልጇን ክርስትና አስነሣችና ባለቤቴ፣ እኔና የጊታሩ ባለቤት ሄድን። የባለቤቴ ወንድም ጉልበቱ መኪና አይችልልኝም ብሎ ቀረ።

«ቤቱን አደራ» አልኩት።

«ጊታሬንም፣ አጎቴ» አለች ልጅቱ።

ያጠፋችን ይህች ቃል ናት። ዝም ብትል ኖሮ ዕቃው ጥጉ ላይ አቧራ ጠጥቶ በሰላም በጠበቃት።

ስንመለስ ጊታሩ ከጥጉ የለም። ልጅቱ ቦርሳዋን ሳታወርድ «አጎቴ፣ ጊታሬስ?» አለች።

«አለ። ደህና ቦታ አኑሬልሻለሁ፣ ነይ።»

ደህናው ቦታ ማድ ቤት ነው። ከምድጃው በላይ፣ የዘር በቆሎ የሚንጠለጠልበት ወራጅ ላይ፣ አንገቱን በጠፍር ታስሮ ተሰቅሏል። ከሥሩ የወይራ ፍልጥ ይጤሳል። ቀይ የነበረው ዕቃ ጠይም ሆኗል፤ ደግሞ ያብረቀርቃል።

«ብርድ ያጣምመዋል አላልሽም?» አላት። «እርጥብ ሞፈር እንዲህ ጭስ ላይ ነው የሚከርም። ጭስ የጠገበ እንጨት አይጣመምም፣ ነቀዝም አይደፍረውም። እንዳይሰነጠቅ ለጋ ቅቤ ቀባሁት። ጅማቶቹንም አንድ በአንድ አሸሁልሽ።»

«ጅማት አይደለም፣ ብረት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ብረትስ ቢሆን፣ ቅቤ ምን አደረገው?»

«የየቱን ቅቤ ነው?» አለች ባለቤቴ፣ ነገሩ አሁን ገና ገብቷት።

«ቅሉ ውስጥ የነበረውን።»

«ኸረ ወየው ጉዴ። እኔ በደረቅ ራሴ ክርስትና ሄጄ፣ ለዚህ ግንድ ተቀባለት?»

ልጄ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ አጎቴ» አለችና ወጥታ ከውሃው በርሜል አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ባለቤቴ ወንድሟን አየችው፣ እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ ጊታሩን አየሁት። ሰውዬው ምርቃት ሲጠብቅ ነበር እኮ። ጭሱ እንዳይቋረጥ በዚያ ጉልበቱ እየተነሣ እንጨት ሲማግድ ነው የሰነበተው። እንዲህ ያለ ትጋት ለሌላ ሥራ ቢውል ኖሮ አንድ ጎተራ ይሞላ ነበር።

ጊታሩን አውርደን ፀሐይ ላይ አየነው። ሙቀቱ አንገቱን ወደፊት ጎትቶታል፤ ክሮቹ ከእንጨቱ ተነሥተው በመሃላቸው አይጥ ብትገባ ጎንበስ አትልም። ልጅቱ አንዱን መታችው። «ዱብ» አለ፣ የወደቀ ከረጢት ይመስል። ክር ቅባት ከገባበት ይሞታል አለችኝ። አዲስ ክር ፍለጋ እኔ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የቤዝ ጊታር ክር አላችሁ ወይ ስላቸው አናውቅም ያለኝ አንድም የለም፤ ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ነገ ይመጣል ይላሉ። አንዱ ብቻ ቁም ነገረኛ ሆኖ የአጥር ሽቦ አሳየኝ። «ይሄ አይዝግም» አለኝ።

ባዶ እጄን ስገባ ልጅቱ ክሮቹን ፈትታ በሽሮ ድስት ውሃ ውስጥ ጥዳቸዋለች። ሲቀቀሉ ቅባቱ ይለቃል አለች። ክሮቹ ተጠቅልለው ውሃው ውስጥ ይንተከተካሉ፣ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል፤ ባለቤቴ በማንኪያ እየገፈፈች «የኔን ቅቤ» ትላለች። በዚህ መሃል ጎረቤታችን ገቡ። ቁርአን የሚያስቀሩ ሸህ ናቸው፤ ግድግዳችን አንድ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ምሳ ደረስኩ መሰለኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ይግቡ» አልናቸው።

ድስቱን ጎንበስ ብለው አዩት። «ፓስታ ነው?»

«የጊታር ክር ነው» አለች ባለቤቴ።

ሸሁ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እኔ በልቻለሁ» አሉ።

ነገሩን ከሥሩ ስንነግራቸው ሳቁ፤ የባለቤቴ ወንድም ብቻ አልሳቀም። ሸሁም አይተውታል መሰለኝ፣ ሳቃቸውን ቆርጠው «አብሽሪ ልጄ፤ ኢንሻአላህ ለእሁዱ ይደርሳል» ብለዋት ወጡ።

ክሩ ከልብስ ማስጫው ላይ ደርቆ ሲመለስበት ድምፁ ነቃ። የቀረው አንገቱ ነው። እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ረጅም ብረት አለ፤ ጫፉ ብሩጎላ በሚሉት ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ሲጠብቅ አንገቱን ወደኋላ ይስበዋል። ብሩጎላው ከጊታሩ ጋር አልመጣም። ባጃጅ የሚጠግነው ልጅ ዘንድ ሄጄ አውሰኝ ስለው «የምን ሞዴል ባጃጅ ነው?» አለኝ። «ባለ አራት ክር» አልኩት። እየተገረመ ቁልፉን ሁሉ በቀለበቱ ሰጠኝ።

ልጅቱ ልኩን መርጣ ሩብ ዙር ብቻ አጠበቀችና ቁልፉን አስቀመጠች።

«በቃ?» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«እስከ ነገ ይረፍ፤ እንጨቱ ቀስ እያለ ነው የሚከተል። አንዴ ባስጨንቀው ውስጡ ያለው ብረት ይበጠሳል፤ ከዚያ ወዲያ ጊታርም የለም፣ እሁድም የለም።»

«ሩብ ትልም አውጥቶ እስከ ነገ የሚያርፍ ገበሬ አይቼ አላውቅም። አምጪው፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ሁለት ድንጋይ ልጫንበት፣ ጧት እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ታገኚዋለሽ።»

«ይተዉት አጎቴ።»

«ምን አደረግሁ? መላ ነው የሰጠሁ።»

«አንተ መላህን ሰጥተህ ጨርሰሃል» አለችው እህቱ። «ደግሞ በአጨስከው እንጀራ ልትጋግርበት ነው?»

እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ የሚመች ሥራ አላየሁም። አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ እንጨት ሲያስብ ትጠብቃለህ። ለኔ የተፈጠረ ሙያ ነው፤ ዘግይቶ ደረሰኝ እንጂ። ልጅቱ ግን ከሥራ በገባች ቁጥር አንገቱን እየለካች፣ ሩብ ዙር እየጨመረች፣ ፊቷ እየከሳ ሄደ። ዓርብ ሆነ፣ ነገ ጧት አውቶቡስ ነው፤ ክሮቹ ዝቅ ብለዋል፣ ግን ወፍራሙ ክር አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት እንደ ዝንብ ይጮሃል። ብረቱ ደግሞ ከዚህ በላይ አልጠብቅም ብሏል።

ያን ጊዜ የባለቤቴ ወንድም ሳይጠሩት መጣ። ጊታሩን እንደ ሞፈር ወደ ዓይኑ አነሣና አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ከራሱ እስከ እግሩ አየው።

«አንገቱ ደህና ነው። ቀጥ ብሏል» አላት። «ክሩ ነው ወደዚህ ወደ ጅራቱ ዝቅ ያለብሽ።»

መቼም ይህ ሰው አንድ ቀን ልክ መሆኑ አይቀርም ነበር። ልጅቱ ከክሩ መቀመጫ ያለችውን ትንሿን ብሎን በትንሹ ብሩጎላ ከፍ አደረገቻት፤ ዝንቡ ጠፋ። እሱም እንደ ሹመት ሲቆጥረው ዋለ። ጉልበቱ እንኳ የዳነ መሰለን።

ልትለማመድ ስትል መብራት ሄደ። መብራት ኃይል እኛን ረስቶን አያውቅም፤ ሥራ ስንጀምር ያውቃል። ቤዝ ደግሞ ያለ ማጉያ ከትንኝ አይበልጥም። ልጅቱ አልተናደደችም። የጊታሩን ራስ ከቁም ሳጥኑ እንጨት ጋር አስጠግታ መታች፤ ቁም ሳጥኑ እንዳለ አጉረመረመ። ውስጡ ያለው የሰርጌ ኮት ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ከግድግዳው ማዶ የሸሁ ተማሪዎች፣ ደረሶቹ፣ ቅራታቸውን አቆሙ። ሸሁ በመስኮት ብቅ ብለው «ደህና ድቤ ገዝታችኋል» አሉና ተመለሱ። ባለቤቴ ሳጥኑ ላይ እጇን አሳርፋ ቆየች። «ሆዴ ድረስ ገባ እኮ» አለች፤ ስታጉረመርም ያልዋለች ይመስል።

ቅዳሜ እኔና ልጅቱ ተነሣን። ጊታሩን ጣራ ላይ አልጭንም ብላ በሁለታችን ጉልበት ላይ አጋድመን ሄድን። ደሴ ዘመድ ቤት አደርንና እሁድ ባንዱ ወደሚለማመድበት አዳራሽ ገባን። የባንዱ አለቃ ፀጉሩን አስረዝሞ ያሰረ ጎልማሳ ነው፤ ደህና ሥርዓት አለው፣ ለኔ ወንበር አመጣልኝ። ጊታሩን ተቀብሎ የማጉያውን ገመድ ሲሰካበት አሸተተው፤ እኔንም አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

ከእሷ በፊት የመጣ ጎረምሳ ነበር፤ ጣቱ እንደ ጉንዳን ይሮጣል። ሲጨርስ አጨበጨቡለት። በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ልጄ ተነሥታ ከበሮ መቺው አጠገብ ቆመች እንጂ መሃል አልገባችም። ስትመታ አልሮጠችም። ከበሮው የረገጠበትን እየረገጠች፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲያጥረው እየጠበቀችው፣ ሲነሣ እያነሣችው ሄደች። ጠምዝዞ መተው፣ መጠበቅ፣ ትንሽ መጨመር። ዘፋኙ መሃል ላይ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አላየም። ሲያበቃ ማንም አላጨበጨበም። ከበሮ መቺው ብቻ «እንድገመው» አለ።

ደገሙት። አለቃው ወደኔ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«አባት፣ ሰርግ አምሽቶ ነው የሚያልቅ። ኩታበርም አጅባርም እንሄዳለን። ይፈቅዳሉ ወይ?»

የመጣሁት ለዚህች ጥያቄ ነው። አውቶቡስ ላይ ስንት ዓይነት መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ ማን ያመጣታል፣ የት ታድራለች፣ እስከ ስንት ሰዓት፤ አንድ ሽማግሌ ሊጠይቅ የሚገባውን ሁሉ። ልጄን አየኋት። ክሮቹ እንዳይጮሁ በመዳፏ ይዛቸው ወለሉን ታያለች።

«እኔ ቤዝ አልመታም» አልኩት። «የምትመታውን ጠይቃት።»

ቀና አለች። «ማጉያውን የሚሸከመው ማነው?»

«ወንዶቹ ናቸው።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

«መምጣት የለም፤ ነገ ልምምድ አለ» አላት።

ዘመዶቻችን ቤት እንድታድር ተስማማን። በማግሥቱ መናኸሪያ ስደርስ ቲኬት ቆራጩ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«ስንት ሰው ናችሁ አባባ?»

«አንድ» አልኩት።