ከፍ ብሎ የዋለ ክንድ

ወታደሮች ከሸቤ የያዙኝ የሸማቂ ቁስለኛ አክመሃል ብለው ነው። አክሜያለሁ፤ ነርስ ነኝ፣ ሌላ ምን ላድርግ? አጋሮ ስንደርስ እስር ቤቱ ሞልቶ ስለነበር አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ከተቱን። የሻገተ ጆንያ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ካቴና አነሰ ተብሎ ቀኝ እጄን ከአንድ የየቡ አካባቢ ገበሬ ግራ እጅ ጋር አሰሩት። ሽማግሌው፣ ልጃቸው ሸሽቶ ቢያጡት በእሱ ምትክ የተያዙ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጆንያ ላነጥፍ ስል ሸረሪት አይበሉባዬን ነደፈችኝ። እሳት ነው! እጄ ወዲያው ያብጥ ጀመር። ሽማግሌው ከሽርጣቸው ቀደው ክንዴን ጥብቅ አድርገው ሊያስሩልኝ ሲሉ ተዉ አልኳቸው፤ አይታሰርም፣ አይበጣም። የምንጠጣውን ውሃ አፍስሰው በሳሙና ቁራጭ አጠቡልኝ፤ ጨርቁንም አርጥበው ጣል አደረጉበት። የቀረው እጁን ከፍ አድርጎ ማቆየትና ካቴናውን መፍታት ነው። ብረቱ ሥጋዬ ውስጥ እየሰመጠ ነበር። ቀኝ እጅ የሌለው ነርስ ምን ይሠራል?

ጠባቂውን ለመንኩት። ቁልፉ አለቃው ጋ ነው፣ አለቃው ስብሰባ ላይ ነው አለኝ። ስብሰባ!

እጃችንን አነሳን። የኔ ከፍ ሲል የሳቸውም አብሮ ይወጣል። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"አባባ፣ ትንሽ ይረፉ" አልኳቸው።

"ኦብሲ ልጄ፣ ቻለው" አሉኝ።

ከሰዓት ጠባቂው ተመልሶ ሲያየን ተቃውሞ መሰለው። አውርዱ ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው አላወረዱም። ግራ ትከሻቸውን በዱላ መታቸው። ክንዳቸው ወደቀ፤ የኔም አብሮ። እሳቸው ግን በቀኝ እጃቸው ግራ ክንዳቸውን ደግፈው መልሰው አነሱት።

"ፍታውና ይወርዳል" አሉት ቀስ ብለው።

ካቴናው የተፈታው ሲመሻሽ ነው።

በኋላ ፍርድ ቤት ሳያቀርቡን፣ ለምን እንደለቀቁንም ሳይነግሩን ለቀቁን። ዛሬ እጄ ደህና ነው፤ መርፌ እወጋለሁ፣ ግሉኮስ እሰቅላለሁ። በቡና ለቀማ ሰሞን ሽማግሌውን ልጠይቅ የቡ ሄጄ ነበር። የሳቸው ግራ ክንድ ከደረታቸው በላይ አይወጣም። ልጃቸውም አልተመለሰም። ያን ጠባቂ ግን አንድም ቀን የጠየቀው የለም፤ ይኼ ያንገበግበኛል።

ሽማግሌው የታችኛውን ቡና ለቅመው ጨርሰዋል። የላይኛው እዛፉ ላይ እየደረቀ ነው።

"እሱን ላንተ ብዬ ነው የተውኩት" አሉኝ።

ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ መልቀም ጀመርኩ።