ወርዶ መሳለም፣ ዳገት ላይ

ሳይክሏን የገዛኋት በንዴት ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ሰርቪስ መንገድ ቀየረና እኔ ከምኖርበት ሰፈር ቀረ። በደብረ ብርሃን ጠዋት ባጃጅ ማግኘት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። አንድ ቀን ብርዱ ጆሮዬን እየቆረጠኝ ወረፋው ላይ ቆሜ ቆሜ፣ «እግር አለኝ አይደል እንዴ!» አልኩና በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ሳይክል መሸጫው ሄድኩ። ሻጩን «የት አገር ሥሪት ናት?» ብዬ ብጠይቀው «ፍሬኗ የጃፓን ነው» አለኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች፤ የሱም መልስ ያው ነው። ቢሆንም ሰማያዊ ነበረች፣ እኔም ሰማያዊ ነገር እወዳለሁ። ይዣት ወጣሁ።

ሳይክል መንዳት የተማርኩት ሃይስኩል ሳለሁ፣ እዚሁ ከተማ፣ በኪራይ ሳይክል ሜዳ ላይ ነው። ያደግኩበት አንኮበር አገሩ ሁሉ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፤ እዚያ ሳይክል አላውቅም። «አንዴ ከተማርሽው አይረሳም» ያሉኝ ሰዎች ዋሽተውኛል። አርባን ካለፍኩ በኋላ ስወጣባት እግሬም እጄም ረስተውት ነበር። መሪው ወደ ግራ ስለው ወደ ቀኝ ይላል። ማርሽ ስቀይር ካቴናው ይወልቃል። አንዴም የነጠላዬን ጫፍ ነክሶ ይዞብኝ፣ እሱን ለማስለቀቅ መንገድ ዳር ተንበርክኬ እጄ በግራሶ ጠቆረ። ፍርሃቴ እንዲቀንስ ብዬ ኮርቻዋን እስከ መጨረሻው አወረድኩት። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ካልነኩ ልቤ አይረጋም፤ ስነዳ ግን ጉልበቴ አገጬን ሊመታ ምንም አይቀረው።

ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር። ከቤቴ ደጅ የሚጀምረው ቁልቁለት ላይ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ቁልቁለቱ የሚያልቀው ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ከዚያ እስከ አስፋልቱ ያለው ዳገት ነው፤ ግን ከላይ ይዤው የምመጣው ፍጥነት እዚያ ድረስ ያወጣኛል። አስፋልት ላይ የባጃጅ ወረፋ የያዙትን ሰዎች «ደህና አደራችሁ!» ብዬ ሳልፍ የነበረኝን ኩራት ባልናገር ይሻላል።

በዚያው በመጀመሪያው ሳምንት ግን ጉድ ሆንኩ። እዚህ አገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። እግረኛው ቆም ብሎ ይሳለማል፣ ተሳፋሪው ከተቀመጠበት ያማትባል፣ የባጃጅ ሹፌሩም አንድ እጁን ከመሪው ለቆ ያማትባል። የኔም እጅ የለመደውን አደረገ። በዚያ ሁሉ ፍጥነት ቀኝ እጄን አንስቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «በስመ አብ» ስል፣ «ወወልድ» ላይ ሳልደርስ ቦይ ውስጥ ነበርኩ።

ደጁ ላይ ጧፍ የሚሸጡት ሴቶች ተሯሩጠው አነሱኝ።

«እግዜር ያትርፍሽ! ምን አገኘሽ?»

«ኧረ ስታማትብ ነው፣ እኔ አይቻታለሁ!»

«እንግዲህ የዛሬው ጸሎቷ ቶሎ ነው የደረሰው» አለች አንደኛዋ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንዱ ፍሬኑን ወቀሰ፣ አንዷ ጫማዬን፣ አንድ መንገደኛ ደግሞ ሴት ልጅ ለምን እንደማትነዳ ሊያስረዳኝ ፈለገ። ቀሚሴን አራግፌ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ደጁ ጋ ስደርስ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ በልቤ ብቻ መሳለም ጀመርኩ። እግዜር ልብ ያያል ብዬ ነው። እግዜርስ ያያል፤ ሰው ነው የማያየው።

አባቴ ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንኮበር፣ ከጎረቤላ ወረድ ብላ ባለች ደብር አገልግለው፣ እናቴ ስታርፍ እኔ ጋ መጡ። ያለ አገልግሎት መኖር ስለማይችሉ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ጠየቁ። ካህናቱ ሳምንት ሳምንት እየተፈራረቁ የሚያገለግሉበትን ሰሞን ለእሳቸውም ሰጧቸው። ገና እንግዳ ነበሩ፤ መቋሚያቸውን የት ጥግ እንደሚያስደግፉ እንኳ ሌሎቹን አይተው ነው።

አንድ ቀን ራት ላይ «ልጄ» አሉኝ፣ እንጀራውን ቆርሰው ሳይጎርሱት። «ዛሬ ከአባቶች አንዱ ‹ታቦት ፊት ከኮርቻ ሳይወርዱ ማለፍ የአንኮበር ደንብ ነው እንዴ?› አለኝ። ሁሉም ሳቁ።»

ፊቴ ጋለ። «አባዬ፣ እኔ በልቤ እሳለማለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። እኛ አገር ግን በበቅሎ የሚሄድ ሰው፣ ባላባት ይሁን ሙሽራ፣ ደጀ ሰላም ሲደርስ ይወርዳል። ሳይክሏን ጠልቼ አይደለም። ከሥራ ስትመለሽባት ፊትሽ በርቶ አያለሁ። ብቻ እዚያች ቦታ ላይ ውረጂልኝ።»

ውረጂ ቢሉኝ እከራከር ነበር። ክርክር ደግሞ አይከብደኝም። «ውረጂልኝ» ስላሉኝ ግን በማግስቱ ደጁ ላይ ወረድኩ።

መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ነው ጉዱ። ደጁ ላይ ስወርድ ከቁልቁለቱ ያመጣሁት ፍጥነት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ከፊቴ ዳገቱ አለ። አንድ ፔዳል ስረግጥ ሳይክሏ ወደ ኋላ ትላለች፣ ሁለተኛውን ሳልረግጥ እግሬ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ እስከ አስፋልቱ እየገፋሁ መሄድ ጀመርኩ። «ነዳጅ አለቀባት?» ይለኛል አንዱ። «ሣር አቅምሻት!» ይላል ሌላው። ፋብሪካ የምደርሰው አርፍጄ ነው፤ የምሠራበት ላቦራቶሪ ኃላፊ አንድ ጠዋት ስገባ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። በዚህ ከቀጠለ ወይ በአዲስ ደብራቸው አባቴን አሳፍራለሁ፣ ወይ ሳይክሌን ሸጬ ወደ ባጃጁ ወረፋ እመለሳለሁ። ሁለቱንም አልፈልግም ነበር።

ወደ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ጠጋኙ ኮርቻዋን ገና ሲያይ ሳቀ። «እህቴ፣ እንዲህ ተኮራምተሽ ምን ጉልበት ይኖርሻል? እግርሽ ካልተዘረጋ ዳገት አይወጣም» አለና ከፍ አደረገው። ወጣሁባት፤ መሬት ራቀችብኝ። ጥቂት እንደሄድኩ ወርጄ ቤቴ ድረስ ገፋኋትና በመፍቻ ብሎኑን አላልቼ እንደ ነበረው መለስኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ኮርቻውን ከፍ ላድርግ አላድርግ እያልኩ ከብሎኑ ጋር ስታገል አባቴ ደረሱ። ነገሩን ስነግራቸው «ይኼማ የእርካብ ነገር ነው! እርካብ የሚለካው በክንድ ነው» አሉ። ጋቢያቸውን ጣል አድርገው ተጎነበሱ፤ የጣታቸውን ጫፍ ፔዳሉ ላይ፣ ብብታቸውን ኮርቻው ላይ አድርገው በክብር ለኩ። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አስደረጉኝ። በመጨረሻ «እዚህ ጋ! አጥብቂው!» አሉ። አጠበቅኩት። ዝቅ ብዬ ሳይ እኔ ፈርቼ ያወረድኩበት ቦታ ላይ ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

ነገርኳቸው። ኮርቻውንም እኔንም አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም መፍቻውን ጥዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ለካ እዚያ የምትራመደው በቅሎዋ ናት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እዚህ ግን የምትራመጂው አንቺ ነሽ። በይ ጠጋኙ ያለሽን አድርጊ።»

ኮርቻውን ከፍ አድርጌ ደጃችን ያለውን ቁልቁለት ጥቂት ወርደን ሽቅብ ዞርን። አባቴ ከኋላ ዕቃ መጫኛውን ያዙልኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግሜ ወረድኩ። ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አወጡ። አባቴ አረፍ አሉና «እናትሽ አንኮበር ዳገት ላይ በቅሎ ስትወጣ ትዝ ይልሻል?» አሉኝ። ትዝ አይለኝም፤ ትንሽ ነበርኩ። «የበቅሎዋን ፊት ወደ ዳገቱ አድርጋ አታቆማትም። አግድም ታቆማታለች። ኮርቻው ላይ ከተደላደለች በኋላ ነው የምታዞራት። እስቲ እንደሷ አድርጊ።»

ሳይክሏን መንገዱን አቋርጬ አግድም አቆምኳት። ግራ እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ገፋሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ቀስ ብዬ መሪውን ወደ ላይ አዞርኩ። ሄደች! «ሄደች! ሄደች!» እያሉ አባቴ ከኋላዬ ይሮጡ ጀመር፤ ጥምጥማቸው ዘመም ብሎ፣ እያለከለኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እዚያው ሳይክሏ ላይ እያለሁ እንባዬ መጣ፤ የደስታ ነበር።

ሰኞ የእሳቸው ሰሞን ነበር። ጠዋት ቁልቁለቱን ስወርድ ደጁ ላይ ከሌሎቹ ካህናት ጋር ቆመው አየኋቸው። ወረድኩ። ሳይክሏን በአንድ እጄ ይዤ ጎንበስ ብዬ፣ ሳልቸኩል፣ ከ«በስመ አብ» እስከ «አሜን» ተሳለምኩ። ከዚያ አግድም አቆምኳት። ከኋላዬ የመጣ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ።

«እህቴ፣ መንገዱን ዘጋሽው እኮ!»

«ዝም በል አንተ! ልትወጣ ነው!» አለች ጧፍ ሻጯ።

ገፋሁ። ተቀመጥኩ። መሪው ተንቀጠቀጠ፤ ጨበጥኩት። ወደ ዳገቱ አዞርኳት፤ እግሬ እስከ መጨረሻው ተዘረጋ፣ ከዚያ ሌላኛው። ሴቶቹ እልል አሉ። ባጃጁ ገና ከኋላዬ ቀስ እያለ ነበር፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ።

ዞሬ ማየት አልቻልኩም፤ ብዞር እወድቃለሁ። ከቅዳሴ በቀር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት አባቴ ግን ካህናቱ ሁሉ እየሰሙ ጮኹ፦ «የኔ ናት! የኔ ልጅ ናት!»