ሸዋነሽ ያላስተማረችው የዜማ ግማሽ

ሸዋነሽ አሁን በየሰንበቱ ጠዋት የምትቀመጠው በቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ሄ በተባለው ሰፈር ባለው ምኩራባችን፣ በሴቶች ሰገነት ላይ፣ በመጨረሻው ረድፍ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። መስኮቱ ወደ ጓሮው ያሳያል። ጸሎቱ እስኪያልቅ ቢያንስ አምስት ጊዜ ትነሳለች፤ ሻሿን ታጠብቃለች፣ ወደ ጓሮው ታያለች፣ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትነሳለች። አጠገቧ የሚቀመጡት ሴቶች ወገቧን የሚያማት ይመስላቸዋል። ወገቧ ጤነኛ ነው። ወደ ጓሮው ወርዳ ከልጆቹ ጋር እንዳትቆም ማን እንደከለከላት፣ በምን ምክንያት እንደከለከላት፣ ምክንያቱም በተናጋሪው በራሱ አፍ እንዴት እንደፈረሰ በጽሑፍ መቅረት አለበት። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ የተደረገውንም መስመር የማውቀው እኔ ነኝ።

ሸዋነሽ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከጎንደር ወደ ቤርሼቫ ከመጣች ሦስት ዓመት ሆናት። በሆስፒታል የሕሙማን ክፍሎችን ታጸዳለች፤ ሥራዋን የምትጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። አያቶቻቸው እንደ ተጠመቁባቸው ብዙዎቹ ዘመዶቻችን በቤተ ክርስቲያን አደገች፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ዐሥራ አንድ ዓመት የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነበረች። ይህን ደብቃ አታውቅም። ወደ አይሁድነት የመመለሻውን ሥርዓት፣ ጊዩሩን፣ ስትፈጽም ለጠየቋት ራቢዎች በዝርዝር ተናገረች፤ እነርሱም ሰምተው ተቀበሏት። ራቢዎች መርምረው የዘጉትን መዝገብ አንድ የሰፈር ኮሚቴ እንደገና የሚከፍትበት ሥልጣን የለውም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል፣ በኋላ ነው። በጸሎት ሰዓት ልጆች ያለ ጠባቂ ጓሮው ውስጥ ይሯሯጡ ነበር። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ከግንቡ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። በሚቀጥለው ሰንበት የኮሚቴው ሰብሳቢ አባባ አለነ ከጸሎት በኋላ ተነሡ። በፈረንጆቹ 1991 በአውሮፕላን ከመጡት መካከል ናቸው፤ ቤተሰባቸው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ እንደማያውቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲናገሩ ኖረዋል።

«እነዚህን ልጆች የሚይዝልን ሰው ጠፋ?» አሉ።

ከሰገነቱ ላይ ሸዋነሽ እጇን አወጣች።

«አንቺ? ብቻሽን?»

«ብቻዬንማ እንዴት ይሆናል፣ አባባ። ሰው ልሰብስብ?»

«ሰብስቢ።»

ይህን ቃል መቶ ያህል ሰው ሰምቷል።

ማስታወቂያ አልለጠፈችም። «ወረቀት ሰው አይጠራም» ትላለች። ከሥራ ስትወጣ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ሊፍት የሌላቸውን ሕንፃዎች ደረጃ በደረጃ ወጣች። ከእያንዳንዱ ሰው የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውየው እምቢ ሊለው የማይችለውን አንድ ነገር።

በፋብሪካ ብረት የሚበይደው ታየ በሩን ከፍቶ ገና ሳትናገር «እማማ፣ እኔ ማስተማር አላውቅም» አላት።

«ማን አስተምር አለህ? በር ላይ ቁም። ልጅ ወደ አስፋልት እንዳይወጣ።»

«እሱንማ በሬም ይችላል።»

«በሬ አጥቼ ነው የመጣሁት።»

ታሊያ ከሠራዊት ከወጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ወላጆቿ ከአባባ አለነ ጋር በአንድ ሳምንት የመጡ ናቸው። ከበሩ ጀርባ ሆና በዕብራይስጥ «ኤን ሊ ዝማን!» አለች፤ ጊዜ የለኝም ማለቷ ነው።

«ጊዜሽን አልፈለግሁም» አለቻት ሸዋነሽ። «ልጆቹ አማርኛዬን አይሰሙኝም። አፍ ሁኚኝ።»

ታሊያ ስቃ በሩን ከፈተች። «አፍ? እናቴ የኔ አፍ ለሁለት ሰው ይበቃል ትላለች።»

«እኮ! አንዱን ስጪኝ።»

ሁለተኛው ደንቧ፣ ማንም ብቻውን እንዳይቆም የሚል ነበር። እያንዳንዱ ኃላፊ ከጎኑ ተተኪውን ይዞ፣ የሚያውቀውን ሁሉ እያሳየ እንዲሠራ አደረገች። «ሰው ይታመማል፣ ሰው ይወልዳል፣ ሰው ይኳረፋል» ትል ነበር። «ልጅ ግን በየሰንበቱ ይመጣል።» ለራሷ ተተኪ ያደረገችው ታሊያን ነው።

በመጀመሪያው ሰንበት ተሳሳተች። በጎንደር እንደለመደችው ደብተር ዘርግታ፣ የመጡትን ልጆች ስም ለመጻፍ እስክሪብቶ አነሣች። በሰንበት መጻፍ ክልክል ነው፤ ይህን በጊዩር ትምህርቷ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እጇ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት የለመደውን አደረገ። ታሊያ «ሎ፣ ሎ፣ ሎ!»፣ አይሆንም፣ እያለች እጇን ያዘቻት። ሸዋነሽ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልያዛትም። በሚቀጥለው ዓርብ ሰንበት ሳይገባ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አንድ ከረጢት የልብስ መቆንጠጫ ይዛ መጣች፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ልጅ ስም ተጽፎበታል። በጓሮው ግድግዳ ላይ ሁለት ገመድ ወጠረች። በሰንበት ጠዋት የመጣ ልጅ መቆንጠጫውን ከላይኛው ገመድ ነቅሎ በታችኛው ላይ ይሰካል። የቀረ ልጅ ስሙ በላይኛው ገመድ ላይ ይቀራል፤ እሑድ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል። በአራት ወር ውስጥ ዐሥራ አራት በጎ ፈቃደኞችና አርባ ሦስት ልጆች ሆኑ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተሰበረም።

ዜማው የመጣው በዚህ አገር ክረምት፣ በጥር ግድም ነው። አንድ የዳዊት መዝሙር በዕብራይስጥ ቃሉ ልታስይዛቸው ፈለገች፤ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታውቀው የቆየ ዜማ ልክ ሆነላት፤ ግማሹን ብቻ አስተማረች። ሁለተኛው ግማሽ ለልጅ ድምፅ ከፍ ይላል ብላ ተወችው።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ሰንበት አባባ አለነ ወደ ጓሮው ወጡ። ልጆቹ ይዘምራሉ። በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ሰላም ሳይሉ ተመለሱ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተጠራ። አምስቱ አባላት፣ ሸዋነሽ፣ ታየና ታሊያ ነበሩ፤ እኔም ጸሐፊ ሆኜ ተገኝቻለሁ።

«ይህች ሴት ልጆቻችንን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እያስጠናች ነው» አሉ አባባ አለነ።

«ቃሉ የዳዊት ነው፣ አባባ» አለች ሸዋነሽ።

«ስለ ቃሉ ማን አወራ? ዜማው! ዜማውን ስሙት!»

ለማስረጃ እንዲሆን ማንጎራጎር ጀመሩ። ልጆቹ የሚዘምሩትን ግማሽ ሳያዛንፉ አወጡት። አላቆሙም። ዐይናቸው ክድን አለ፤ መዳፋቸው ጠረጴዛውን በልኩ መምታት ጀመረ፤ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ተሻገሩ፤ ወደዚያ ከፍ ወደሚለው፣ በዚህ ከተማ ማንም ልጅ ወዳልተማረው ግማሽ። በትክክለኛው ቦታ ተነፈሱ። ጨረሱት።

መጀመሪያ የተናገረው ታየ ነው። «ይቀጥሉ እንጂ፣ አባባ። ይሄኛውን እኮ ገና አልተማርነውም።»

«ረጋ፣ ረጋ» አለች ታሊያ፣ በዕብራይስጥ ቆይ እንደማለት። «አባባ አለነ፣ ይሄን የት ነው የሰሙት?»

አባባ አለነ ዐይናቸውን ገለጡ። ዙሪያውን አዩ። «ጎረቤት ነበረ» አሉ። «ከግድግዳው ማዶ … ይሰማል።»

ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ ዜማ የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት አያስተምርም። ሁላችንም ይህን አውቀናል። ሸዋነሽ ከሁላችንም ይልቅ ታውቃለች፤ እንዲያ መተንፈስን ዐሥራ አንድ ዓመት ለልጆች ያስጠናች እርሷ ነች። በአንድ ዐረፍተ ነገር ልትጥላቸው ትችል ነበር።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ድምፁ ሩቅ ይሄዳል።»

አባባ አለነ በሰጠቻቸው ቀዳዳ ወጡ፤ ወጥተውም ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን በእርሷ ላይ አነሡ። ሦስት ለሁለት፣ «ጉዳዩ በሰብሳቢው እስኪጣራ ድረስ» ከልጆቹ እንድትርቅ ተወሰነ። አጣሪው ራሳቸው ናቸው። የማንጎራጎሩ መስመር «ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» ተብሎ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዙ፤ በዚያው ሦስት ለሁለት ወጣ። እኔ የምከሳቸው በልጅነታቸው ስለ ዘመሩት አይደለም። ከገቡበት በር ላይ ቆመው ከኋላቸው የመጣችውን ስለ መለሱ ነው።

ደጅ ላይ ታየ «ጅብ በማያውቁት አገር …» ብሎ ጀመረ።

«አፍህን ያዝ! አባትህ ይሆናሉ» አለችው ሸዋነሽ።

ታሊያ ታለቅስ ነበር፤ በንዴት። «ለምን አዳንሻቸው?»

«ሽማግሌ ላዋርድ አልመጣሁም። ልጅ ላስተምር ነው የመጣሁት።»

«እኔ ያለ አንቺ እዚያ አልቆምም።»

«ትቆሚያለሽ። ተተኪ የያዝሁት ለዚህ ቀን ነው። ወይስ አፍሽን ልትወስጂብኝ ነው?»

ታሊያ ቆመች። ልጆቹ አንድ ሰንበት እንኳ አልተበተኑም፤ የሸዋነሽን ሥራ ጥራት ለመመስከር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

በስብሰባው ማግስት ሸዋነሽ፣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ ወደ አባባ አለነ ቤት ሦስት ፎቅ ወጣች። ታሊያ ደረጃው ሥር ሆና የሰማችውን እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

«ልትወቅሺኝ ነው?» አሏት ከበሩ ሳይወጡ።

«አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ያስይዙልኝ። ለልጅ ይከብዳል ብዬ ትቼው ነበር፤ እርስዎ ግን ሲያወጡት ሰማሁ፣ ከእኔ ይበልጣሉ። እኔ አልወርድም፤ ከሰገነቱ ሆኜ እሰማለሁ።»



«ሂጂ፣ ልጄ» አሉና በሩን ዘጉ። በኃይል ግን አልነበረም።

ዓርብ ዕለት ሸዋነሽ አንድ መቆንጠጫ ጽፋ ለታሊያ ሰጠቻት። «አባባ አለነ» ይላል። ታሊያ በላይኛው ገመድ ላይ፣ ገና ካልመጡት ጋር፣ ሰካችው።

ይህን ስጽፍ ዐሥራ አንድ ሰንበት አልፏል። ማጣራቱ አልተጀመረም። ባለፈው ሰንበት አባባ አለነ ልጆቹ ሲዘምሩ እስከ ጓሮው በር መጥተው፣ እጃቸውን በመቃኑ ላይ አሳርፈው ቆሙ፤ ዜማው ግማሹ ላይ ሲያልቅ ተመለሱ። ሸዋነሽ ያን ዕለት ስምንት ጊዜ ተነሥታለች፤ ቆጥሬአለሁ። እኔ ይቅር አልላቸውም። እርሷ ግን ከመስኮቱ ሆና የምታየው ልጆቹን ብቻ አይደለም። አንዲቱ መቆንጠጫ ከላይኛው ገመድ ወርዳ እንደሆነ ታያለች፤ አልወረደችም፤ ትቀመጣለች፤ እንደገና ትነሳለች።