የጾም ዘይትና የባቡር ብረት

ኅዳር 14 ቀን 1961 ዓ.ም. አባቴ ገብረጻድቅ ሲያርፉ፣ ብረት መቀጥቀጫ መስፋቸው ላይ ስለቱ ያልወጣ አንድ ምላጭ ቀርቶ ነበር። ሌላ ሰው እንዲጨርሰው አልፈቀድኩም።

አባቴ አቃቂ በሰቃ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እንደ አያቴ ሁሉ ምላጭ የሚሠሩት ከአሮጌ ማረሻ ነበር። የማረሻ ብረት ለሞረድ ይታዘዛል፤ ግን ቶሎ ይዶለዱማል።

አንድ ዓመት፣ ከ1948 በፊት እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ ፋሲካ ሲቃረብ ዋና ደንበኛቸው ፀጉር አስተካካዩ አምባው የማይዝግ የፈረንጅ ምላጭ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይኼ እንኳን ጢም ነገርም ይቆርጣል። የእርስዎን ለሽንኩርት አደርገዋለሁ።»

«ሲዶለዱምብህ ማን ይስልልሃል? ፈረንጁን ከጅቡቲ ታስመጣለህ?»

«እስከ ቅዳም ሹር የሚበልጠውን ያምጡ። አለዚያ ደንበኝነታችን አበቃ።»

አምባው ከሄደ ሌሎቹም ላጪዎች እንደሚከተሉት አባቴ ያውቁ ነበር። ከባቡር ፉርጎ ሥር የወጣ ስባሪ ባሌስትራ ገዝተው ቀጠቀጡ። አጋሉትና፣ አያቴ እንዳስተማሯቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ተንጣጥቶ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ።

ለማረሻ የሚሆነው ለባቡር ብረት እንደማይሆን ያኔ ገባቸው። ጓዳ ገብተው የኑግ ዘይቱን አነሡ።

«የጾሙን ዘይት?» አሉ እናቴ ብዙወርቅ። «ወጡንስ በምን ልሥራ?»

«በውሃ። ብረቱ እንደሆነ ውሃ አልፈልግም ብሏል።»

ዘይቱ ውስጥ የገባው ብረት አልተሰነጠቀም። እንዳይሰባበርም አባቴ መልሰው በፍም ዳር፣ የገለባ መልክ እስኪይዝ ድረስ፣ አሞቁት።

ቅዳም ሹር አምባው የባቡር ሠራተኞቹን በሁለቱም ምላጭ እያፈራረቀ ላጨ። ቀትር ላይ የፈረንጁ ዶለዶመ፤ ሞረዱም ተንሸራተተበት። የአባቴ ግን መሳያው ቆዳ ላይ ሁለት ጊዜ ሲታሽ ስለቱ ይመለስ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ፣ እርጥብ ካደረ ይዝጋል፤ ይህን አባቴም አልካዱም።

«ጋሼ፣» አለ አምባው፣ «ሽንኩርቱን በፈረንጁ እከትፋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አቃቂ ውስጥ «የገብረጻድቅ» ከተባለ ምላጭ ማለት ነበር።

አባቴ ባረፉበት ዋዜማ የአምባውን ምላጭ ስለው፣ ዘይት ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሐዲዱን ተሻግረው አደረሱለት። ሲመለሱ ከጎረቤታችን ከጠጄ ሱቅ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ገዝተው ለነቢያት ጾም እንዲሆን ለእናቴ ሰጧቸው።