የሑዳዴ ወተት

አርብ ገበያ ውስጥ እማማ የኔነሽን የማያውቅ የለም። ፈትላቸውን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ምላሳቸውን ያውቃል። ጥጥ ፈትለው ለሸማኔ በመሸጥ ነው የሚኖሩት፤ እጃቸው ከእንዝርት ተለይቶ አያውቅም። ባላቸው ከሞቱ፣ አንዲት ልጃቸው ትዝታም ንፋስ መውጫ ከተዳረች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። በጾም ነገር ደግሞ ቀልድ የለም። ሑዳዴና ፍልሰታማ የሁሉም ነው፤ እሳቸው ሌላው እንደፈቃዱ የሚተወውን ጽጌን ሳይቀር ይጾማሉ። ይጹሙ፣ ማን ከለከላቸው። ችግሩ የራሳቸውን ጾመው ሲያበቁ የሰውንም መጠበቃቸው ነው።

ሑዳዴ በገባ ሰሞን አይጥ ጥጣቸውን ፈጀው። ቅርጫቱን ቢከፍቱ፣ ስንት ቀን ሙሉ የነደፉት ባዘቶ መሀል ገና ፀጉር ያላበቀሉ የአይጥ ልጆች ተደርድረው ተኝተዋል። ጎረቤቱ ሁሉ መርዝ ያደርጋል። እሳቸው ግን መርዝ ደጃፋቸውን አያልፍም፤ ስለዚህ ድመት ይፈልጉ ጀመር።

የእህል ነጋዴው የንጉሴ መጋዘን ውስጥ አንዲት ድመት ወልዳ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ለአይጥ የተቀመጠው መርዝ ዞሮ እናቲቱን ገደላት። ከልጆቿም የተረፈችው አንዲት ብቻ ነበረች።

«ይውሰዷት እማማ። እዚህ ከቆየች መሞቷ ነው» አላቸው ንጉሴ።

በነጻ የተወሰደ ድመት አይበረክትምና እፍኝ ጨው አስጨበጡት። መንገዱን አይታ እንዳትመለስ ዓይኗን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቤት ሲደርሱም እንደ ደንቡ ምሰሶውን ሦስት ጊዜ አዞሯትና «ቤትሽ ይኸ ነው፤ እመቤትሽም እኔ ነኝ፤ አይጡ ደግሞ ያውልሽ» አሏት። ስሟንም ውሮ አሉት። አገሩ ሁሉ ድመቱን ውሮ ስለሚል ለስሙ ብዙም አልተጨነቁ።

የተጨነቁት ለሆዷ ነው። እንጀራ በሽሮ ፈትፍተው ሰጧት፤ አሽትታ ጀርባዋን አዞረች። በሶ በጠበጡላት፤ አፍንጫዋን ነክራ አነጠሰች። ሱፍ ፍትፍትም ቀረበላት፤ እማማ የኔነሽ ራሳቸው ቀኑን ውለው በዘጠኝ ሰዓት የሚቀምሱትን።

«እኔን ያጠገበ አንቺን ምን አነሰሽ? ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አሉ» ብለው ተቆጧት። ድመቷ መች መነኮሰች፤ ጥርስም በወጉ ያላወጣች ጨቅላ ናት። መንኩሳ ሳይሆን ገና ጡት ነው የተነጠቀችው።

ስትጮህ አደረች። ሲጨንቃቸው አንስተው ባዘቶው ላይ አስተኟት፤ እሷም ከአይጥ ልትጠብቀው የመጣችውን ጥጥ ሸናችበት። ያን ጊዜ መሳቅም መቆጣትም አማራቸው። በማግስቱ ግን ጩኸቷ ቀነሰ፤ ከዚያም ጭራሽ ተወችው። እማማ የኔነሽ የደነገጡት ይሄኔ ነው። ጭናቸው ላይ አድርገው ሲዳብሷት የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አንገቷን ማቅናት አቅቷታል። ከባላቸው ሞት ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ነፍስ እንዲህ በእጃቸው ላይ ስትደክም አላዩም።

የሚያድናት ወተት ነው። ወተት ያለው ደግሞ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ በዚያ ሰፈር ጥገት ላም ያላት ዓለሚቱ ናት። ነገሩ የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ዓለሚቱ ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ የቀረባት፣ ዳግማዊት የምትባል ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ወጣት ሴት ናት። ዳግማዊት ክረምቱን ታማ ከርማ ቆዳና አጥንት ሆና ነው የተነሳችው። ጤና ጣቢያ የወሰደቻት ጊዜ፣ ወተት እንዳይለያት ብለዋት ነበር። እማማ የኔነሽ ይህን ሰሙ፤ ሰምተውም ዝም አላሉ። በዘወረደ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣

«ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ቆራቢ ልጅ፣ በሑዳዴ ወተት? እግዜር የሚጠይቀው ልጅቷን አይደለም፣ አንቺን ነው» አሏት።

«አሟት ነው እማማ፤ ሐኪም አዞላት ነው።»

«ሆዱን የሚወድ ሁሉ ሐኪም አዘዘልኝ ይላል» አሉና ፊታቸውን አዞሩባት።

ዓለሚቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንግዲህ አሁን እማማ የኔነሽ በየትኛው ዓይናቸው አይተዋት፣ ለልጅሽ የከለከልኩትን ወተት ለድመቴ ስጪኝ ይበሏት?

ኩባያ በነጠላቸው ሥር ሸሽገው ሄዱ። ከበሯ ደርሰው ተመለሱ። ቤት ገብተው ውሮን አዩ፤ ሆዷ ከፍ ዝቅ ከማለቱ በቀር የሞተች ትመስላለች። እንደገና ወጡ። ዓለሚቱ ጥጃውን እያሰረች አገኟት።

«ምነው እማማ፣ ደህና አይደሉም?» አለቻቸው።

«የትዝታ ልጅ መጥቶብኝ» አሉ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው ያሉትን የሰሙት። «እናቱ ታማ ጡቷ ደረቀ። ጨቅላ ነው። ወተት ብታገኚልኝ ብዬ ነው።»

ትዝታ ታማ አታውቅም። ልጅም የላትም፤ እማማ የኔነሽ በየስለቱ የሚለምኑት እሱኑ አይደል? ያልተወለደውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ነው ለወተት የለመኑበት። ልጄን በአፌ አሳመምኳት የሚል ፍርሃት በዚያው ቅጽበት ሆዳቸው ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያም አልወጣ አለ።

ዓለሚቱ ግን ያለፈውን አላነሳችም። ኩባያውን ተቀብላ ገባችና ሞልታ መለሰችላቸው። «ለሕፃን ምን ጾም አለው እማማ፤ ጠዋት ጠዋት ይምጡ» አለቻቸው።

ድመቷ ከኩባያ መጠጣት አታውቅም። እማማ የኔነሽ ከባዘቶው ቆንጥረው እንደ ጧፍ ክር አከረሩት፤ ወተት ውስጥ ነክረው ከከንፈሯ አደረሱት። መጀመሪያ ዝም አለች። ሁለተኛው ጠብታ ምላሷ ላይ ሲያርፍ ግን ክሩን ይዛ ትጠባ ጀመር፤ በሁለት እጇ ጣታቸውን እየገፋች። «እሰይ የኔ እናት» አሉና እንባቸው መጣ።

ከዚያማ ውሮ ሰው ሆነች ልበላችሁ። እንዝርት ሲሾር እያየች ትዘላለች፤ ድሩን አወሳስባ መሀሉ ላይ ትተኛለች፤ ጠዋት ለጸሎት ሲሰግዱ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ታድናለች። ትዝታ ከተዳረች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ «ተይ አንቺ» የተባለ ነፍስ ሲኖር የመጀመሪያው ነው። ደስታቸው ግን ሙሉ አልሆነም፤ ድመቷ ባደገች መጠን ውሸቱም አብሯት አደገ። ዓለሚቱ የሕፃኑን ስም ጠየቀቻቸው፤ ይሁኔ ነው አሉ። ልየው አለች፤ «ክርስትና ሳይነሳ ፀሐይ የረገጠ ሰው እንዲገባበት አልፈልግም» አሏት። ውሮ ስትጮህ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማ መዝሙር እያንጎራጎሩ ይሸፍናሉ። ንስሐ አባታቸው መጥተው ደጅ ላይ ሲጣሩም፣ ቤት የሌሉ መስለው ተቀመጡ። እንቅልፍ አልወስድ አላቸው።

አንድ የገበያ ቀን፣ ወተቱን ዓለሚቱ ራሷ ይዛ መጣች። ዳግማዊትም ከኋላዋ ነበረች። «እንዳይደክምዎት ብዬ ነው። አልገባም፤ ከደጅ ነኝ» አለች።

እማማ የኔነሽ ኩባያውን ሲቀበሉ ልጅቷን አዩዋት። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል። ዓይኗ ኩባያው ላይ ነበር፤ ምራቋን ዋጠችና ወዲያው ወደ መሬት አየች።

«ዳግማዊት ከሳችብኝሳ» አሉ።

«ጾሙ ነው» አለች ዓለሚቱ። «እርስዎ ከተናገሩኝ ወዲህ አስጾምኳት። ልክ ነዎት፣ እግዜር የሚጠይቀው እኔን ነው። ላሟ ጥጃው ከጠባ በኋላ የምትሰጠው ከዚች ኩባያ አያልፍም፤ የሷን ድርሻ ነው ለይሁኔ የማመጣው። እሷም ለሕፃኑ ይሰጥ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ ትለኛለች።»

የተናገረችው ለነገር አልነበረም። ለነገር ብላው ቢሆን ኖሮ እማማ የኔነሽ መልስ ያጡ ሴት አይደሉም። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይሏት በሩን ዘጉት።

ውሮ ወተቱን አሽትታ ሮጣ መጣች። ኩባያውን መደቡ ላይ አስቀመጡ፤ እግራቸው ላይ እየተንጠላጠለች ጮኸች። ለዚች ነው ያቺ ልጅ ምራቋን የዋጠችው። ባይሰጧት ደግሞ ምን አጠፋች? እናቷን መርዝ የወሰደባት ፍጥረት ናት፤ ጾምም ውሸትም የምታውቀው ነገር የላትም። በመጨረሻ ድመቷን በነጠላቸው አቅፈው፣ ኩባያውን በሌላው እጃቸው ይዘው ወጡ። ገበያተኛው ገና እየጎረፈ ነው፤ የሚያያቸው ሁሉ አያቸው። በሑዳዴ ወተት ይዘው፣ በቀትር።

ዓለሚቱ ቤት ገብተው ነጠላቸውን ፈቱ። «ይሁኔ ይኸውልሽ» አሉና ድመቷን መሬት ላይ አኖሯት።

ዓለሚቱ ድመቷን አየች፤ እሳቸውን አየች። «ሕፃኑስ?»

«ሕፃን የለም። ትዝታም ደህና ናት፤ ገና አልወለደችም። ዋሽቼሽ ነው። ለድመቴ ስጪኝ ማለት አፈርኩ።»

ዓለሚቱ ቁጭ አለች። ድምጿን አላነሳችም፤ ብታነሳው ይሻላቸው ነበር። «በሰው ፊት ሲያዋርዱኝ ዝም አልኩ» አለች። «ከዚያ ከልጄ አፍ ነጥቄ ለድመት አበላሁ። እንዲህ ነው የሆነው፣ አይደል እማማ?»

«እንዲህ ነው የሆነው» አሉ እማማ የኔነሽ። ዳግማዊት ፊት ተንበረከኩና ኩባያውን ዘረጉላት። «እንቺ ልጄ። ጠጪ።»

ልጅቷ እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች። «ጾም ነው።»

«ላንቺ አይደለም። የታመመ ሰው አይጾምም።»

«እርስዎ አይደሉ ያሉት?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

ዳግማዊት ወደ እናቷ ተመለከተች፤ እናቷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ድመቷ ወተቱ ሸቷት ኩባያው ሥር ትሽከረከራለች። ልጅቷ ጥቂት አሰበች። ድግስ ቤት ያየችውን ታውቃለች፤ መጠጥ የሚቀዳ ሰው ከመዳፉ ቀምሶ ነው ለሌላው የሚሰጠው።

«እንግዲያ መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱ» አለች።

በሩ ክፍት ነው፤ ገበያተኛው ያልፋል። እማማ የኔነሽ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ፣ አራስ ሆነውም ታመውም፣ የሑዳዴን ጾም ገድፈው አያውቁም። በሰው ፊት የሚያኮራቸው ሀብት እሱ ብቻ ነበር። ኩባያውን አዘነበሉት፤ መዳፋቸው ላይ ወተት ቋጠር አለ። አማተቡና ጠጡት።

ዳግማዊት ጉሮሯቸውን ታይ ነበር። መዋጣቸውን ስታረጋግጥ ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀበለችና ሳታቋርጥ ጠጣች። ውሮ መጥታ የራሰውን መዳፋቸውን ላሰችው፤ እማማ የኔነሽም እጃቸውን አልሰበሰቡም።