ወንድሜ ይርሳውና ካሬው ስልኩ

ወንድሜ ይርሳው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያልገባበት ግቢ፣ ያልጮኸበት ውሻ የለም። ሌላው ቆጣሪ አንባቢ ቁጥሩን መዝግቦ ይወጣል። የኔው ጉድ ግን ከመዘገበ በኋላ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ይሰብካል። «እናንተ የያዛችሁት እኮ ስልክ አይደለም» ይላል፣ እንስራዋን ይዛ የቆመች ሴትዮ ፊት። እሷ የውሃውን ሒሳብ ስትጠይቀው እሱ የካሜራውን ጥራት ይነግራታል።

ስልኩን የከተማው ሰው «ካሬው» ይለዋል። ሲከፈት ፊቱ በሰማያዊና በቀይ ካሬዎች የተሸነሸነ ነው፤ ለኔ ለቤት መሥሪያ የተመራ ቦታ ይመስለኛል። ይርሳው የገዛው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያምር ስልክ ነበር። ከዚያ ዓለም ሁሉ ወደ ሌላው ስልክ ነጎደ። ለካሬው አዲስ አፕ የሚሠራለት ጠፋ፤ የነበሩትም አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር። ልብ ያለው ሰው ይህን ሲያይ ስልኩን ሸጦ ይገላገላል። ይርሳው ግን ማኅበር አቋቋመ።

አምስት ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጁስ ቤት ይሰበሰባሉ። መንግሥት ገበሬውንም ሠራተኛውንም አንድ ለአምስት እያለ የሚያደራጅበት ጊዜ ነበርና እነሱም ራሳቸውን በቀልድ «አንድ ለአምስት» ይሉ ነበር። ቀልዱ ብዙ አልቆየም። እንደ መሥሪያ ቤታቸው አጀንዳ ማስያዝ፣ እጅ ማውጣት፣ «ዕድሉ ይሰጠኝ» መባባል አመጡ። እኔ ከጁስ ቤቱ ፊት ለፊት በርበሬ ስለምሸጥ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ኩባንያው ዝም ያለው ትልቅ ነገር ስላሰበ ነው» ይላል ቴዎድሮስ፣ የባንኩ ሠራተኛ።

«ዝም ያለው ስለረሳን ነው» ይላል ገነነ፣ መምህሩ።

ይርሳው ሊቀ መንበር ስለሆነ መደምደሚያው የእሱ ነው። «መሥመሩ ትክክል ነው። ያለው የአፈጻጸም ችግር ነው። ትልቁ አፕዴት ሲመጣ ይፈታል።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ በአንድ ብርጭቆ አቮካዶ እንዲህ ይከራከራሉ። ከውጭ አገር ያለው ኩባንያ ፍኖተ ሰላም የሚባል አገር እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ እነሱ ግን አቋም ይይዙለታል። በርበሬ የሚገዙ ሴቶች «እነዚያ ምን ሆነው ነው?» ሲሉኝ ያፈርኩትን ያህል ባል አግብቼ በፈታሁ ጊዜ አላፈርኩም።

መጀመሪያ የወጣው ገነነ ነው። ሚስቱ ለወሊድ እናቷ ዘንድ መራዊ ሄደች፤ በምስል እያየ ሊያነጋግራት ፈለገ፤ ለዚያ የሚሆነው አፕ ካሬው ላይ ተዘግቷል። ሰውየው አንድሮይድ ገዛና ፎቶዎቹን ከካሬው ወደ እሱ አሻገረ። በቅዳሜው ስብሰባ ገመገሙት! ግለ ሂስ አድርግ አሉት። ገነነ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ይርሳው ግን ተነሥቶ ቆመና «ዛሬ ፎቶህን ያሻገርህ፣ ነገ ራስህን ታሻግራለህ! ከእንግዲህ ከካሬው ወደ ሌላ ስልክ አንዲት ነገር የሚልክ ከእኛ አይደለም» ብሎ ወሰነ። ገነነ የጁሱን ከፍሎ ሄደ። እኔም ከበርበሬዬ ጀርባ ሆኜ፣ ያቺ ሚስኪን ሚስቱ ወልዳ ባትነሣ ኖሮ ምን ሊገመግሙ ነበር እያልኩ ተናደድኩ።

እስከዚህ ድረስ ዕብደቱ የራሱ ነበር፤ ብስቅበት ይበቃኝ ነበር። ነገሩ ወደ እናታችን ባይመጣ።

እናታችን ወለተ ኢየሱስ ከማንኩሳ ወዲያ ገጠር ነበር የምትኖረው። ፎቶ አትወድም፤ መታወቂያ እንኳ ሳታወጣ ነው ያረጀችው። አንድ ቀን ብቻ፣ ጌሾ ስትቀጥፍ ይርሳው ሳታየው ደርሶ በካሬው አነሣት። ተቆጣችው። መልኳን ሲያሳያት ግን «ይቺ አሮጊት ማናት?» ብላ ሳቀች፤ ስትስቅም ደግሞ አነሣት። እነዚያ ሁለት ፎቶዎች ናቸው ያሉን። ሰኔ 2007 ላይ ሞተች።

ካለቀስን በኋላ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ለሙት ዓመቷ ፎቶዋን አሳጥበህ አምጣልኝ። ዓመት ሙሉ ጠየቅኩት። አንዴ የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ቫይረስ አለበት ይለኛል፤ አንዴ የዚህ አገር ማተሚያ የካሬውን ጥራት አይችለውም ይለኛል። ቢጠፋስ ስለው «አይጠፋም፣ ከኢንተርኔቱ ደመና ላይ ተቀምጧል» አለኝና ወደ ላይ አመለከተ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ገነነ በርበሬ ሊገዛ መጥቶ አዘነልኝ።

«እትዬ ንግሥቴ፣ በብሉቱዝ ልቀበለውና እኔ ባሕር ዳር ስሄድ ላሳጥብልዎት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

እጁን ይዤ ጁስ ቤቱ ወሰድኩት። ይርሳው ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ያዘ።

«እናቴን ከከሃዲ ስልክ ላይ አላስቀምጥም።»

«አንተ ሰውዬ፣ እናትህ ናት ወይስ የመሥሪያ ቤት ማኅተም?»

«እታለም፣ እኔ ራሴ የወሰንሁትን እንዴት እኔ ላፍርሰው? አፕዴቱ ይምጣና በራሱ መንገድ አወጣዋለሁ።»

ቴዎድሮስም «ልክ ነው፣ መርሕ መርሕ ነው» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ገነነ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ግንቦት ላይ የተባለው አፕዴት በእውነትም መጣ። ይርሳው የሰፈሩን ቆጣሪ ሳይጨርስ ዋይፋይ ካለው ሆቴል ገብቶ ተቀመጠ። ስልኩ ራሱ እንኳ «መጀመሪያ ያለህን ሌላ ቦታ አስቀምጥ» ብሎ በእንግሊዝኛ ነግሮት ነበር። እሱ እሺ የሚለውን ተጫነ። ባትሪው አርጅቶ ክፍያ ስለማይዝ ከሶኬት ሰክቶታል። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። በፍኖተ ሰላም ከሰዓት መብራት እንደሚሄድ የጡት ልጅም ያውቃል።

ስልኩ ከዚያ በኋላ ብልጭ ብሎ ይጠፋል እንጂ አልነሣ አለ። ጠጋኙ አገላብጦ አየውና «ፍላሽ ካላደረግሁት አይነሣም፤ ፍላሽ ካደረግሁት ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል» አለው። ቡሬ ወሰደው፤ ይህንኑ አሉት። ባሕር ዳር ወሰደው፤ ይህንኑ አሉት። ደመናው ላይም ተፈለገ። ምንም አልነበረም፤ ካርድ እንዳይበላበት ብሎ ፎቶ ወደ ደመናው የሚልከውን ገና ስልኩን የገዛ ለት በገዛ እጁ ዘግቶት ኖሯል። አማክረኝ ሊለው ቴዎድሮስ ወደሚሠራበት ባንክ ቢሄድ፣ ያ ባለ መርሕ ከጠረጴዛው ሥር አንድሮይዱን ይነካካል። ከገዛው ስድስት ወሩ ነው አሉ፤ ለስብሰባ ብቻ ነበር ካሬውን ይዞ የሚመጣው።

ይርሳው ይህን ሲነግረኝ ስድብ አላነሰኝም። ያላልኩት የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩት፤ እናትህን ሁለተኛ ገደልካት አልኩት።

ሰኔ ላይ ሙት ዓመቷን አወጣን። ጎረቤቱ እንደገባ ፎቶዋን ነው በዓይኑ የሚፈልገው። «ፎቶዋስ?» ላለው ሁሉ ይርሳው የአፕዴቱን ነገር ከሥሩ ጀምሮ ያስረዳል። የንስሐ አባታችን እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙትና፣ ሌላ ሰው የሞተብን መስሏቸው መሰለኝ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉት።

እንግዳው ከተበተነ በኋላ የጠላውን ዋንጫ ስሰበስብ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ስልኩን አልያዘም። መሬት መሬት እያየም ጠየቀኝ፦

«እታለም፣ ያቺ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ በየትኛው ጉንጯ ነበረች?»

«ሂድና ኩባንያህን ጠይቅ» ልለው ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን ከዚያ በፊት ትክክለኛውን ጉንጭ ልነግረውና ላሳፍረው ፈለግኩ። ፊቷን አሰብኩት። በቀኟ መጣችልኝ። መልሼ ሳስበው በግራዋ መጣችልኝ። ገና ዓመቷ እኮ ነው።

«በቀኝ ነው» አልኩት።

«እኔም ቀኝ ይመስለኛል» አለ፤ እሱም እንደኔ እየገመተ እንደሆነ ከድምፁ ገባኝ።